ኩኪስ ጠባቂው ዳቦ

እህቴ ከሰባት ዓመት በኋላ ከቤይሩት ስትመለስ አንድ ትንሽ ኦቨንና ኩኪስ የመጋገር ሙያ ይዛ መጣች። የመጀመሪያው ኩኪስ ትኩሱን ጣት የሚያስቆረጥም ነበር። የተረፈው በሰሃን ላይ ሳይከደን አደረ። ደብረ ታቦር ተወልደን አድገን የጉና ነፋስ የማያደርቀው ነገር እንደሌለ ብናውቅም ለኩኪስ ያሰበ አልነበረም። ጠዋት አባቴ አንዱን ነከሱ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ሰሃኑ መለሱት።

«ይኸ የወፍጮ መጅ ነው» አሉ።

እህቴ እልህ ያዛት። ለጾመ ነቢያት ቅበላ ቅቤና እንቁላል ሳትሰስት እንደገና ጋገረች። ከተበላው የተረፈው በለጠ። «እስከ ገና ለስልሶ ይቆያል» ብላ ክዳን ባለው ባልዲ ደረደረችውና ከላዩ አንድ ቁራጭ ዳቦ አኖረች።

«ዳቦው ምን ይሠራል?» አለች እናቴ።

«እርጥበቱን ለኩኪሱ ይሰጣል። እሱ ይደርቃል፣ ኩኪሱ ይለሰልሳል። ማዳሜ ቤት እንዲህ ነበር የማደርገው።»

«ታዲያ ዳቦው ምን በደለ?»

በሦስተኛው ቀን የደረቀው ወጣ፣ ሌላ ገባ። እናቴ ዳቦ መጣል ነውር ስለሆነባት በሻይ ነክራ ወደ አፏ ካስጠጋችው በኋላ እጇ ቀጥ አለ። ከቅቤ ጋር ሦስት ቀን ያደረ ዳቦ የጾም ነው የፍስክ? አባቴ የፍስክ ነው አሉ። እህቴ የጾም ነው አለች። መምህር ነኝና እኔ ተጠየቅሁ፤ «እኔ የማስተምረው ሒሳብ ነው» ብዬ አመለጥሁ።

ቅዳሜ የነፍስ አባታችን ሲመጡ ባልዲው ፊታቸው ቀረበ።

«አባ ይፍቱኝ፣ ይኸ ዳቦ ይበላል?» አለች እናቴ።

ነገሩን ሰምተው ወደ እህቴ ዞሩ። «ከየትኛው ወደ የትኛው ነው የሚሄደው?»

«ዳቦው ይሰጣል እንጂ አይቀበልም፣ አባ።»

«ይሰጣል እንጂ አይቀበልም!» አሉ ተገርመው። «ከነፍስ ልጆቼ ሁሉ ይኸ ይሻላል።» ቁራጩን አንስተው አሸተቱት። «ግን ቅቤ ቅቤ ይላል። እስከ ገና ይቆይ።»

ከዚያ ወዲያ በየሦስት ቀኑ ዳቦ ይገባል፣ ድንጋይ ይወጣል። የወጣው ሁሉ ከበሩ ኋላ በተሰቀለ ከረጢት ተጠራቀመ። አባቴ ዳቦ ይዘው ሲገቡ «ለእኛ ነው ለባልዲው?» ማለት ጀመርን። አንድ ቀን ለባልዲው ብቻ በቃና እኛ ቆሎ በላን። እህቴ ጠዋት ጠዋት ክዳኑን ገልጣ የኩኪሱን ጀርባ እንደ በሽተኛ ግንባር ትዳስሳለች።

ገና ደረሰ። ኩኪሱ እውነትም ለስላሳ ነበር። ይሁንና እናቴ ከቅዳሴ መልስ የከረጢቱን ዳቦ ሰባብራ፣ በበርበሬና በቅቤ አሽታ ፍርፍር ሠርታ ነበር። ሁላችንም ትሪውን ከበብን፤ ኩኪሱን ዞር ብሎ ያየ አልተገኘም። እህቴ ባልዲውን እንዳቀፈች ቆመች። ሰባት ገና ሰው ቤት ብቻዋን በልታ፣ ዛሬ ደግሞ እኛው አስቀየምናት ብዬ ደነገጥሁ።

ባልዲውን መሬት አስቀመጠችና በትከሻዋ ገፋችኝ። «ጠጋ በል» አለች። አባቴ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አጎረሷት። አፏ ሞልቶ እየሳቀች እንባዋ ወረደ፤ በርበሬው ነው አለች።

ኩኪሱን በማግስቱ ለጎረቤት አደለችው። አሁን በጾም በዘይት ትጋግራለች፤ የዚያኑ ቀን ስለሚያልቅ የማስቀመጡ ጣጣ ቀርቶልናል።