የሮማን ዓሣዎች

ባለፈው ሳምንት ጥርሴን አሞኝ ሹም አቦ ሰፈር ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ተራዬን ስጠብቅ ከተቀመጥሁበት ወንበር ፊት ለፊት ትልቅ የዓሣ መስታወት ቆሟል። ውሃው ደፍርሷል። ዓሣዎቹ ከላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ካርድ የምታወጣው ልጅ ከጣሳ ምግብ እየዘገነች ትበትንላቸዋለች።

«ልጄ፣ አታብዢባቸው» አልኋት።

«ርቧቸው እኮ ነው እማማ። አፋቸውን ሲከፍቱ አያዩአቸውም?»

«አየር አጥሯቸው ነው። ምግቡን ተይውና ከውሃው ቀንሰሽ ንጹሕ ጨምሪላቸው። ከቧንቧ የቀዳሽውን ግን ወዲያው እንዳትጨምሪ፤ አሳድሪው።»

ልጅቱ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ነጠላ ያጣፋች አሮጊት ይህን ከየት አመጣችው ብላ ሳይሆን አይቀርም። ተራዬ ደርሶ ገባሁ። ሐኪሙ ጥርሴን ሲነካካ እኔ ግን በልጅነቴ ያሳለፍሁት አንድ ክረምት ውስጥ ነበርሁ።

አባቴ የፋብሪካ መካኒክ ነበሩ። ለሥራ ብለው ከድሬዳዋ መጥተው እዚሁ ባሕር ዳር ቀሩ፤ እኔም ታናሽ እህቴ ሮማንም እዚሁ ተወለድን። አብሯቸው ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ኮንትራቱ አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ የዓሣ መስታወቱን ከነዓሣዎቹ ለአባቴ ትቶላቸው ሄደ። ዓሣዎቹ ከጣት ቁመት ያነሱ ናቸው። የወንዶቹ ጅራት እንደ ቀሚስ ጥለት ቀለም በቀለም ሆኖ ውሃው ውስጥ ይርገበገባል። ጋፒ እንደሚባሉ መሐንዲሱ ነግሯቸዋል።

ሰፈሩ ሳቀብን። ጣና ዳር እየኖሩ፣ ዓሣ በየደጁ በታንኳ ተጭኖ እየመጣ፣ ዓሣን ለማየት ብቻ ማኖር! ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘይነባ፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱት፣ በመጡ ቁጥር መስታወቱን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ፣ «እነዚህ መቼ ነው ለመጥበሻ የሚደርሱት?» ይሉ ነበር። አባቴም ቢሆኑ ቆሮሶ የሚባለው የጣና ዓሣ ተጠብሶ ሲቀርብላቸው ጀርባቸውን ለመስታወቱ ሰጥተው ነበር የሚበሉት። «ይሉኝታ ነው» ይላሉ፣ እሾሁን እየለቀሙ።

ዓሣዎቹ ግን የሮማን ነበሩ። ሮማን ያን ጊዜ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። የዳሌዋ አጥንት መግል ይዞ ትምህርቷን አቋርጣ ከተኛች ሰንብታለች። ብስክሌት ላይ ከወጣች እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ የማይቀድማት ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ታይ ነበር። አባቴ መስታወቱን አልጋዋ አጠገብ ሲያቆሙላት ወደዚያ ዞረች፤ ከዚያ በኋላ ወደ ግድግዳው አልተመለሰችም። ለእያንዳንዳቸው ስም አወጣችላቸው። በሰፈራችን ሰዎች ስም ነበር፤ ሆዷ ትልቅ የሆነችው ቀይ ዓሣ ለምሳሌ «ዘይነባ» ነበረች። ወይዘሮዋ ይህን ሲሰሙ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ሐምሌ ሲገባ አዲስ አበባ ሄዳ ቀዶ ጥገና እንዲደረግላት ተወሰነ። ሐኪሞቹ እግሯን ለማትረፍ እንደሚሞክሩ እንጂ እንደሚያተርፉት አልተናገሩም። እናቴ አብራት ልትሄድ፣ እኔ ከአባቴ ጋር ቤት ልቀር ሆነ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት የምጠብቅበት ጊዜ ነበር። አብሬ ልሂድ ብዬ ባለቅስም የሰማኝ የለም።

መኪናው በር ላይ ቆሞ ሳለ ሮማን እጄን ያዘችኝ።

«እቴቴ፣ ዓሣዎቹን አደራ። ስመለስ በሕይወት ላገኛቸው እፈልጋለሁ።»

«በሰላም ተመለሺ እንጂ ዓሣ የት ይሄዳል!»

«አይደለም። ማይልኝ።»

ማልሁላት።

በማግሥቱ መስታወቱን ባዶ አድርጌ ፈትጌ አጠብሁት፤ ከቧንቧ በቀዳሁት ውሃም ሞላሁት። እንደ ብርጭቆ አበራ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሞተው ተንሳፈፉ። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። የአባቴን ብስክሌት ይዤ በካፊያ ወደ ፔዳ፣ ወደ መምህራን ኮሌጁ፣ በረርሁ፤ እዚያ ባዮሎጂ የሚያስተምሩ የአባቴ ወዳጅ ነበሩ። ታሪኬን በትዕግሥት ሰምተው፣

«አንቺ ዓሣዎቹን ተያቸውና ውሃውን ጠብቂ» አሉኝ። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው መድኃኒት ዓሣ እንደሚገድል፣ አፉ በተከፈተ ባልዲ ካደረ ግን እንደሚለቀው፤ አሮጌው ውሃ ሁሉ መደፋት እንደሌለበት፣ በየጊዜው ትንሽ እየተቀነሰ በትንሹ እንደሚተካ፤ የተረፈ ምግብ በስብሶ ውሃውን እንደሚመርዘው ነገሩኝ። «በልተው በልተው የሞቱ ዓሣዎች ተርበው ከሞቱት ይበዛሉ» ብለው ሳቁ።

እንዲህ ሆኜ ክረምቱን ጀመርሁት። ጠዋት ተነሥቼ ያደረውን ውሃ በእጄ እዳብሳለሁ፤ ከመስታወቱ ውሃ ይበልጥ እንዳልቀዘቀዘ ለማወቅ። ከጓሮ በርሜላችን ላይ የወባ ትንኝ እጮችን በሻሽ አጥልዬ እሰጣቸዋለሁ። ለዚህ ምግብ የነበራቸውን ጉጉት ብታዩ! ሲበርድ አባቴ ጋቢያቸውን መስታወቱ ላይ ያለብሳሉ። እኔና አባቴ ከዚያ በፊት ብዙ የምናወራ ሰዎች አልነበርንም። ያን ክረምት ግን ከሥራ ሲመለሱ ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ «ዛሬስ እንዴት ዋሉ?» ይሉኛል። ስለ ሮማን መጠየቅ ስለፈራን ስለ ዓሣዎቹ እንጠያየቃለን።

የቀዶ ጥገናው ቀን አባቴ ሥራ አልገቡም። ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ስልክ ያለው ወይዘሮ ዘይነባ ቤት ነው፤ እናቴ እዚያ ልትደውል ተነጋግረዋል። ረፋዱ ላይ መብራት ጠፋ። ውሃው ውስጥ አየር የምትነፋው ትንሽ ሞተርም ቆመች። ምሳ ሰዓት አልፎም መብራቱ አልመጣም። ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን መክፈት ጀመሩ።

«አባባ፣ ሊያልቁ ነው» አልሁ።

አባቴ ከመስኮቱ ዞር አሉ። ወጥተው የብስክሌት መንፊያቸውን ይዘው ገቡ። አየር የምታስተላልፈውን ቀጭን የጎማ ቱቦ ከሞተሯ ነቅለው በመንፊያው አፍ ላይ በጨርቅ ጠፍረው አሰሩና መንፋት ጀመሩ። አረፋው ከታች ቡል ቡል እያለ ወጣ። ሲደክማቸው እኔ እቀበላለሁ፤ ሲደክመኝ እሳቸው። ክንዴ እስኪዝል ነፋሁ። ቆም ካልን የሚሞቱት ዓሣዎቹ ብቻ አልመሰለኝም። አባቴም እንደዚያ የመሰላቸው ይመስለኛል፤ ፊታቸውን አይቼ ነበር።

ወይዘሮ ዘይነባ ጫማ እንኳ ሳያጠልቁ፣ ሻርፓቸው ከትከሻቸው ወርዶ፣ በጭቃው እየሮጡ ገቡ።

«ነቅታለች! አልሐምዱሊላህ፣ ነቅታለች! እግሯም ተርፏል!»

አባቴ መንፋታቸውን አላቆሙም። አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፤ እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል፣ እጃቸው ግን አያርፍም። ወይዘሮ ዘይነባ ጠጋ ብለው መንፊያውን ከእጃቸው ወሰዱ። «ለእኔ ይስጡኝ። እርስዎ ወጥተው ያልቅሱ» አሏቸው። አባቴ በዝናቡ ውስጥ ወጥተው ጓሮ ቆሙ። መብራቱ እስኪመለስ ወይዘሮዋና እኔ ተቀባበልን።

በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት መስታወቱ ውስጥ ካለው የውሃ ሣር ሥር ሁለት ዐይንና ጭረት የሚያህሉ ነገሮች ሲስለከለኩ አየሁ። «ዘይነባ» ወልዳለች! ትልልቆቹ እንዳይበሏቸው በማርማላታ ጠርሙስ ለየኋቸው፤ የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል እንደ ዱቄት አድቅቄ አሳደግኋቸው።

ሮማን ጥቅምት ላይ በክራንች ተመለሰች። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ መስታወቱን አየች።

«ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?»

ነገርኋት። ሳቀች፣ ሳመችኝም። ከዚያ ተነሥታ ክራንቿን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። ጓደኞቿ እየጠሯት ነበር። ከዚያ በኋላ ዓሣዎቹን እምብዛም አላየቻቸውም። ትንሽ ከፍቶኝ ነበር። መስታወቱ ወደ ሳሎን ወጣና የአባቴ ሆነ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከሥራ መልስ ፊቱ ይቀመጡ ነበር።

ከክሊኒኩ እንደ ወጣሁ ሮማን ጋ ደወልሁ። አሁን ሐዋሳ ነው የምትኖረው፤ የልጅ ልጆች አይታለች። የክሊኒኩን ዓሣዎች ነገርኋትና፣ «ያን ክረምት እኮ በአደራሽ ልታሳብጂኝ ነበር» አልኋት።

«እኔ ዓሣዎቹ እንደሚቆዩ አላመንሁም ነበር» አለችኝ። «የፈራሁት ላንቺ ነው። ሥራ ፈትተሽ ስታለቅሺ ትከርሚያለሽ ብዬ ነው አደራ ያልሁሽ። አባባን ደግሞ ታውቂያቸዋለሽ፣ ብቻቸውን ሲጨነቁ አይናገሩም።»

ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ እግሯን ልታጣ ትችል ነበር። እኔ እሷን ያስታመምሁ እየመሰለኝ ነው ይህን ሁሉ ዘመን የኖርሁት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ባጃጅ ጠርቼ መሳፈር አልሆነልኝም፤ እስከ ቤቴ ድረስ በእግሬ ሄድሁ።