መሐሉ ክፍት የሆነው ብረት

ሰውአገኝ የተወለደው ኮሶዬ ነው። እዚያ ጭጋግ ሲወርድ ዛፉም ቤቱም ይጠፋና ሰው ደመና ላይ የቆመ ይመስለዋል። ጎንደር ከተማ ገብቶ ትዳር ከያዘ በኋላም ያ ጭጋግ ከዓይኑ አልለቀቀውም፤ ሲያናግሩት ትንሽ ቆይቶ ነው የሚመለስ። ሥራው እንጨት በቶርኖ እያዞሩ መቅረጽ ነው፤ የመቋሚያ ራስ፣ የጥላ እጀታ፣ የሻማ ማቆሚያ። እንጨቱ በኃይል ሲሽከረከር ጠርዙ ይሟሟና ጭስ ይመስላል። ሰውአገኝ መሮውን ወደዚያ ጭስ ሲያስጠጋ እጁን ወደ ልጅነቱ አገር የሚሰድ ይመስለዋል።

ቶርኖው የተገዛው ከተዘጋ የእንጨት ሥራ ቤት ነበር። አብሮት አንድ ሣጥን ሙሉ ብረታ ብረት መጣ፤ የብረቶቹን ነገር የሚያስረዳ ሰው ግን አልመጣም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰውአገኝ ጆንያ ያነጥፍና ብረቶቹን ደርድሮ ያያቸዋል። ይኸኛው ጎኑ ላይ ለምን ጠፍጠፍ አለ? ያኛው ክብ ዙሪያውን ለምን ተበሳሳ?

"ምነው፣ ለሚዜነት የምትመርጣቸው ይመስል አፈጠጥክባቸው?" ትለዋለች ሚስቱ የትነበርሽ።

"የሠራቸው ሰው በከንቱ አልበሳቸውም። አንድ ነገር አስቦ ነው።"

"እሱ አስቦ ጨርሶ ተኝቷል። እንቅልፍ ያጣኸው አንተ ነህ።"

ሰውአገኝ ያን ሰው ብዙ ጊዜ ያስበዋል። አገሩን አያውቀው፣ ቋንቋውን አያውቀው፤ ግን ጣቱን በቀዳዳዎቹ ላይ ሲያሳልፍ የሰውየው ጣት ከወዲያ በኩል የሚነካው ይመስለዋል። ዙሪያውን የተበሳሳውን ክብ በራሱ ጊዜ ደረሰበት፤ ቀዳዳው ውስጥ ምስማር ሲሰድበት እንጨቱ ቀጥ ብሎ ይቆምለታል፣ በዚያ እየለካ መቋሚያ ራስ ላይ የሚቀርጸውን መስቀል ክንፎች እኩል ያወጣል።

አንዱ ብረት ግን እንቢ አለው። የእንጨቱን ጫፍ ከቀኝ በኩል ደግፎ የሚይዘው ነው። እንዲህ ያለው ድጋፍ እንደ ወስፌ ሹል መሆን ነበረበት፤ የዚህ አፍ ግን እንደ ዋንጫ ክብ ነው፣ መሐሉም ወለል ያለ ቀዳዳ። ሰውአገኝ ዘይት መጠጫው መሰለው። ጧት ጧት ቅባኑግ ያንቆረቁርበታል፤ ቅባኑጉ በጀርባው ወጥቶ ጋቢውን ያበላሸዋል።

"ጾመኛ ማኪና አመጣህብኝ" አለች የትነበርሽ ጋቢውን እያሸች። "ያለ ቅባኑግ አይውል።"

በሰፈራቸው የሚያፈስ ቅል የሚደፈነው በጧፍ ቁራጭ ነው። ሰውአገኝም የጧፉን ሰም አለስልሶ ቀዳዳውን ጥርቅም አደረገውና ተገላገለ። ከሣጥኑ የወጣ አንድ ክንድ ሙሉ የሚረዝም ቀጭን መሰርሰሪያም ነበር። ጎረቤቱ ነጋ አይቶት "አያ ሰውአገኝ፣ ይኼስ ሥጋ ሰክቶ መጥበሻ ነው" ብሎ ስለሳቀበት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ።

ኅዳር ሚካኤል ሲቃረብ የኔታ ዕንባቆም መጡ። ሰውአገኝን በልጅነቱ ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ሁለት ስባሪ እንጨት በነጠላ ጠቅልለው ይዘዋል፤ መቋሚያቸው ነው። ደረጃ ላይ ሲወድቁ ከመሐሉ ተሰብሯል።

"አዲስ እሠራልዎታለሁ፣ የኔታ። ሸጋ ወይራ አለኝ።"

"አዲሱ መምህሬን አያውቃቸውም" አሉ የኔታ። መቋሚያውን ሲሞቱ ያወረሷቸው ትክል ድንጋይ በሚባለው አገር ያስተማሯቸው መምህር ናቸው። "ይህ ካልዳነ ዘንድሮ ማኅሌት አልቆምም። ከቤቴ ሆኜ እሰማዋለሁ።"

ሰውአገኝ ደነገጠ። በእሳቸው ዕድሜ አንድ ጊዜ ከማኅሌት የቀረ ሽማግሌ ዳግመኛ እንደማይወጣ ያውቃል።

በቆዳ ቢጠቀልለው ይወዛወዛል። ያለው መላ የሁለቱንም ስባሪ ልብ ልቡን ሰርስሮ ውስጡ የብረት ዘንግ መቅበር ነው። በሌላ እንጨት ላይ በእጅ መሰርሰሪያ ሞከረ፤ መሰርሰሪያው ጠሞ በጎን ወጣ። በቶርኖ አሰረው፤ የሚሰረስርበትን ቦታ ደጋፊው ብረት ይዞታል፣ ብረቱን ሲያነሣ ደግሞ እንጨቱ ይወራጫል። የመምህሩ እንጨት እንዲህ ቢወራጭ ይሰነጠቃል፤ ሌላ ደግሞ የለም።

መፍትሔ ሲያጣ የመሞከሪያው እንጨት እንደታሰረ ማኪናውን ለቀቀውና ሲሽከረከር ያየው ጀመር። እንጨቱ ጭስ ሆነ። ሰውአገኝም አብሮት ሄደ፤ የት እንደሄደ እንጃ። የመለሰው የሰም ሽታ ነው። ብረቱ በፍትጊያ ግሎ ሰሙ ጠብ ጠብ ይላል። ማኪናውን አቁሞ፣ እንጨቱን አንሥቶ ዓይኑን ቀዳዳው ላይ አደረገ። ከወዲያ በኩል የመስኮቱ ብርሃን አንዲት የምስር ፍሬ አክሎ ተቀምጧል።

ለካ ሰውየው ያሰበው ይህን ኖሯል። የሚደግፈው ብረት ራሱ መንገድ ይሰጣል።

ረጅሙን መሰርሰሪያ ከግድግዳው አውርዶ በጀርባ በኩል ሰደደው፤ ጎራዴ አፎቱ እንደሚገባ ገባ። ከዚያ የተሰነጣጠቀውን ጫፍ ቆርጦ የመምህሩን እንጨት አሰረ። የትነበርሽ በሩ ላይ ቆማ አንገቷን አስግጋ ታያለች። መሰርሰሪያው ቀስ እያለ ገባ። ከውስጥ የወጣው ብናኝ እንደ ትናንት የተቆረጠ ወይራ ሸተተ። ሁለተኛውም እንደዚያው፤ ልቡን ይዞ፣ ሳይጠም። የብረቱን ዘንግ ውስጣቸው ቀብሮ ሁለቱን ስባሪ ገጠማቸው።

የበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት የኔታ መጥተው መቋሚያውን ተቀበሉ። መጋጠሚያውን በጣታቸው ፈለጉት፤ ቆይተው አገኙት።

"ሁለት ጣት ያህል አጥሯል፣ የኔታ" አለ ሰውአገኝ አንገቱን ደፍቶ። "ስንጥቁን መቁረጥ ነበረብኝ።"

የኔታ መቋሚያውን ብብታቸው ሥር አስገብተው ሙሉ ክብደታቸውን ጣሉበት። እንጨቱ ድምፅ አላሰማም። ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ዘንበል ዘንበል አሉ።

"እኔም እኮ አጥሬያለሁ" አሉ። "ይኼን ያህል ዓመት ረዝሞብኝ፣ ብብቴን ሲወጋኝ ነው የኖረው። ለመምህሬ ብዬ ዝም አልኩት እንጂ።"

ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቀኑ።