የአከራያችን የአበባ ሽንኩርት

ትናንት ካልቨር ሲቲ አንድ አጥር ጥግ ኳስ የሚያክል ሐምራዊ አበባ አየሁ። ቅጠሉን በጣቴ ጨመቅ ሳደርገው ሽንኩርት ሽንኩርት ሸተተኝ፤ ወዲያው የድሮዋ አከራያችን ትዝ አሉኝ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከአክስቴ ጋር እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ከፌርፋክስ መንገድ ጀርባ አንዲት ባላቸው የሞቱባቸው አሜሪካዊት አሮጊት ቤት አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። ኩሽናው የጋራ ነው። ሴትዮዋ ያንን ሐምራዊ አበባ ነፍሳቸው እስኪወጣ ይወዱታል። የሎስ አንጀለስ ክረምት ስለማይበርድ፣ ሥሩ ቅዝቃዜ እንዲያገኝ በወረቀት ከረጢት አድርገው ለሳምንታት ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩታል። ሥሩ ደግሞ ሲያዩት ልክ ሽንኩርት ይመስላል።

አንድ እሑድ አክስቴ ሽንኩርት መስሏት ከትፋ ወጥ ሠራችበት። እኔ ከረጢቱ ላይ ያለውን የአበባ ሥዕል ያየሁት ሁለቴ አስጨምሬ ከበላሁ በኋላ ነው።

«ወይ ጉዴ! ያስወጡናል!» አለች አክስቴ ሥዕሉን ሳሳያት። ክሬዲት የሚሉት የብድር ታሪክ ለሌለው ሰው ማን ያከራያል? ሮጣ ትንንሽ ሽንኩርት ገዛችና ከረጢቱን ሞላችው። ፍሪጅ ውስጥ የመለስኩት ግን እኔ ነኝ።

የሴትዮዋ ዓይን ደክሟል። ተንበርክከው አንድ በአንድ ተከሉት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔም በየጠዋቱ መስኮት ከፍቼ አፈሩን ማየት ሥራዬ ሆነ። ቅጠሉ ብቅ ሲል መስኮቱን መልሼ ዘጋሁት። እሳቸው ውሃ እያጠጡ፣ «ቆዪ፣ ሲያብብ ታያለሽ» ይሉኛል።

በጸደይ ልጃቸው ከቫን ናይስ መጣ። «እየረሳሽ ነው፣ ቤቱ ይሸጥና የአረጋውያን መኖሪያ ግቢ» እያለ ሲጨቀጭቃቸው ወራት አልፎታል፤ እሳቸው በጄ አላሉትም። የዚያን ቀን መደቡ ላይ የበቀለውን ኮሳሳ ነጭ አበባ አይቶ ሳቀ።

«ማም፣ የተከልሽው እኮ የሚበላ ሽንኩርት ነው!»

«ከፍሪጅ ያወጣሁት... አበባ ነበር» አሉ።

«አየሽ? ይኸው!»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። አክስቴ ከኋላ ክንዴን ጨመደደችና በአማርኛ፣ «ሩሙን እንዳታሳጪን! ዝም በይ፣ ኦኬ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ያን ጊዜም አፈርኩ፣ ዛሬም አፍራለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ከልጃቸው ጋር መከራከር ተዉ። ቤቱ ተሸጠ፤ እኛም ሌላ ክፍል ፍለጋ ጀመርን። በሚሄዱበት ቀን መኪናው ውስጥ ሆነው ጠሩኝ። ልጃቸው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምድጃውን ማጥፋቴን እዪልኝ፤ ራሴን አላምነውም» አሉኝ።

ገብቼ አየሁት። ጠፍቷል።

«አጥፍተውታል» ስላቸው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው አመሰገኑኝ።