ዘውድ ያለበት መለዮ

ከጎንደር ተመድቤ ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ በጸሐፊነት የተቀጠርሁት በደርግ መጀመሪያ ዓመታት ነው። የተከራየሁት ክፍል ሐይቁ ዳር ካለ ግቢ ውስጥ ነበር። አከራዬ በንጉሡ ጊዜ የከተማው ፖሊስ የነበሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሃምሳ አለቃ ናቸው። እኔ በከተማው የማውቀው ሰው አልነበረኝም፤ እሳቸውንም የሚጠይቃቸው አልነበረም።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ይጠሩኛል። ከሣጥናቸው ፊሽካ፣ ቆመጥ፣ ካቴናና የነሐስ ዘውድ ያለበት መለዮ እያወጡ በጨርቅ ይወለውላሉ፤ የእያንዳንዱን ታሪክ ይነግሩኛል። በዚያ ካቴና አስረው ሲያመጡት የነበረ የከብት ሌባ መንገድ ላይ ወባ ቢጥለው፣ ፈትተው በጀርባቸው አዝለውት ከተማ እንደገቡ አሥር ጊዜ ሳልሰማ አልቀርም። እውነት ለመናገር ይሰለቸኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጧት፣ ቀበሌው ቤት ለቤት ሊፈትሽ ነው ተባለ። ዘውድ ያለበት ነገር ይዞ መገኘት በዚያን ጊዜ ሰው ያሳስራል። ሃምሳ አለቃ ዕቃውን በጆንያ ጠቅልለው ክፍሌ መጡ። እሳቸው ሐይቁ ዳር ቢታዩ እንደሚጠረጠሩ፣ እኔ ግን ልብስ ለማጠብ የምወርድ እንደምመስል ነገሩኝ።

«ጥልቁ ጋ ጣልልኝ። እኔን እጄ አይታዘዘኝም» አሉ።

ፈራሁ፤ እንቢ ግን አላልሁም። ጆንያውን ባደፈ አንሶላ ሸፍኜ ወረድሁ። የደንገል ሣር ከሌለበት ድንጋይ ላይ ቆሜ፣ ቆመጡንና መለዮውን ከድንጋይ ጋር አስሬ፣ ዕቃውን አንድ በአንድ ወረወርሁት። ስመለስ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ሰመጠ?»

«ሰምጧል፣ አባባ።»

ራሳቸውን ነቅንቀው ገቡ።

ፈታሾቹ ከሰዓት በኋላ መጥተው ምንም ሳያገኙ ሄዱ። በማግስቱ እሑድ አልጠሩኝም፤ በሚቀጥለውም አልጠሩኝም። ለካ እኔም ያን ጥሪ ስጠብቅ ነው የኖርሁት። በሦስተኛው ሳምንት ራሴ በራቸውን አንኳኩቼ የሌባውን ነገር እንዲያጫውቱኝ ለመንኋቸው።

«አንተ ታውቀው የለ» አሉኝ።

እንግዲያው እኔው ነገርኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። የሌባውን አገር ስሳሳት ብቻ «የዋንዛዬ ሰው ነው» ብለው አረሙኝ።

ክረምቱ ሲወጣ ከሐይቁ ማዶ ቁንዝላ የምትኖር ልጃቸው መጥታ በጀልባ ወሰደቻቸው። እስከ ወደቡ ሸኘኋቸው። ጀልባው ሲርቅ ዞር ብለው አላዩም። እኔ በዚያ ግቢ ሌላ ሁለት ዓመት ብቻዬን ኖርሁ፤ የእሳቸውን ቤት የሚከራይ ሰው አልመጣም።