የዳነው ወገቤ

ዮጋ ይጠቅማል። በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም፣ ወገቤ ምስክሬ ነው። ግን የእኔ መዳን የጎዳው ሰው አለ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ እዚሁ ጭሮ፣ መናኸሪያው ጀርባ ካለ የጫት መጋዘን ገባሁ። ሥራው መልቀምና ማሰር ነው። ከገለምሶ በኩል የተቆረጠው ጫት በጆንያ ይመጣል፣ መሬት ላይ ይዘረገፋል፣ እኛ ሴቶች ዙሪያውን ኬሻ ላይ እንቀመጣለን። እግር ተዘርግቶ፣ አንገት ተደፍቶ፣ ለምለሙን ከጠወለገው እየለየን በልጥ እናስራለን። መኪናው ቅጠሉ ሳይደርቅ መነሳት ስላለበት ቀና ማለት የለም። ማታ ስንነሳ ወጣቷም አሮጊቷም ጉልበቷን በእጇ ይዛ ነው።

አጠገቤ የምትቀመጠው አዴ ነበረች። በኦሮምኛ ትልቅ ሴት የምትከበርበት አጠራር ነው፤ መጋዘኑ ሁሉ እንዲህ ይላታል። የቦኬ ሰው ናት፤ እዚያ ኬሻ ላይ የተቀመጠችበት ዘመን ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። አንቱ ስላት «ብቻዬን ነኝ እኮ፣ ሌሎቹ የታሉ?» እያለች ስለምትስቅብኝ አንቺ ነው የምላት። በገባሁ ሰሞን እጄ ዘገምተኛ ነበር። እንዳልባረር ብላ ራሷ ያሰረችውን እስር ማንም ሳያያት ወደ እኔ ክምር ትገፋልኝ ነበር። ይህን አልረሳም። መርሳት ብችል ይሻለኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ወገቤ ተያዘ። ካልሲ ለማጥለቅ እናቴን የምጠራበት ቀን መጣ። እንቅልፍ እንቢ አለኝ፣ ቁጣዬም ባሰ፤ ከሹፌር እጣላለሁ፣ ከመዛኙ እጣላለሁ፣ ቤት ገብቼ ከእናቴ እጣላለሁ። አንድ ቀን ስልኬ ላይ ቪዲዮ ሳገላብጥ ዮጋ የምታስተምር ሴት አየሁ። «ወገብ ለሚያማችሁ» ትላለች። ምን አጣለሁ ብዬ ጀመርኩ።

በአራት እግር ቆሞ እንደ ድመት ጀርባን ወደ ላይ ማጉበጥ፣ መልሶ ወደ ታች ማሰርጎድ። ተንበርክኮ ግንባርን መሬት ላይ ማሳረፍ። አየር በአፍንጫ ቀስ ብሎ ማስገባት፣ ቀስ ብሎ ማስወጣት። ይኸው ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ይሄ ስግደት ለማን ነው?»

«ለወገቤ።»

«ወገብሽን የፈጠረው እያለ?» አለችና ጸበል አምጥታ ኬሻዬን ረጨችው። እርጥቡ ላይ ሠራሁ።

መጋዘን ውስጥ በምሳ ሰዓት ስሠራ ደግሞ አዴ አየችኝ። «ሱጁድሽ ጥሩ ነው፣ ግን ቂብላው በዚያ በኩል ነው» ብላ ሲሰገድ ወደሚዞሩበት አቅጣጫ፣ ወደ በሩ ጠቆመችኝ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ።

ይሳቁ። ክረምቱ ሳይወጣ ካልሲዬን ራሴ አጠለቅሁ። ጉልበቴ መንቋቋቱን ተወ፣ ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ጀመርኩ። ትልቁ ለውጥ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር። ድሮ ስናደድ የሚቀድመው አፌ ነው፤ አሁን ትንፋሼ ቀደመ። የመጋዘኑ ባለቤት፣ እትዬ የምንላቸው፣ «አንቺ ልጅ አደብ ገዛሽ!» አሉኝ። ደስ አለኝ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

የአዴ ወገብ ግን እየባሰ ሄደ። ቀኝ እግሯ ይደነዝዛል፤ ስትነሳ ሁለት ሰው ይይዛታል። ጤና ጣቢያ ሄዳ «መሬት ላይ መቀመጥ አቁሚ» ተባለች። ብታቆም የምትበላው የላትም። ስለዚህ ሁላችንም ተመካከርን፤ ቆመንም ወንበር ላይ ተቀምጠንም የምንለቅምበት ከፍ ያለ ጠረጴዛ ይሠራልን ብለን ልንጠይቅ። ጣውላው ጓሮ ወድቆ ምስጥ ይበላዋል። ማን ይናገር ሲባል አዴ እኔን መረጠች። «አንቺ ምላስ አለሽ» አለችኝ።

እትዬ ፊት ቆምኩ። ሴቶቹ ከኋላዬ ናቸው። በደንብ ጀመርኩ፤ የአዴን እግር፣ ጤና ጣቢያው ያለውን፣ ጣውላውን ሁሉ ተናገርኩ። እትዬ አቋረጡኝ።

«ቆይ፣ አንቺስ ወገብሽ ታሞ አልነበር?»

«ነበር።»

«አሁንስ?»

«ተሽሎኛል።»

«መሬት ላይ ተቀምጠሽ እየሠራሽ አይደል የተሻለሽ? እስቲ ያንን ነገር አሳዪኝ፤ ሲያወሩልኝ ነው የቆዩት።»

እንቢ ማለት ነበረብኝ። እውነቱን ልጻፍ፤ አሳዪኝ መባሉ ጣመኝ። ነጥብ ካጣሁበት ቀን ጀምሮ የምችለውን ነገር አሳዪኝ ያለኝ ሰው አልነበረም። ኬሻ አነጠፍኩ። ድመቷን ሠራሁ፣ ጎንበስ ብዬ መዳፌን ጉልበቴ ሳይታጠፍ መሬት አስነካሁ። እትዬ አጨበጨቡ።

«ይኸው! የሚያስፈልጋችሁ ጠረጴዛ አይደለም፣ ሰውነታችሁን ማፍታታት ነው። ከነገ ጀምሮ ሥራ ከመግባታችሁ በፊት ታሠሪያቸዋለሽ።»

የድሮዋ እኔ ብሆን የመጋዘኑ ጣሪያ ይነሳ ነበር። እኔ ግን አየር በአፍንጫዬ ቀስ ብዬ አስገባሁ፣ ቀስ ብዬ አስወጣሁ። አስወጥቼ ስጨርስ እትዬ ስልክ እያወሩ ነበር።

በማግስቱ ሴቶቹን አሰለፍኩ። አዴም ሞከረች። ለመንበርከክ ስትወርድ መሃል ላይ ቀረች፤ አትወርድ፣ አትነሳ። አንስተን ግድግዳ አስደገፍናት። ፊቷ በላብ ርሷል።

«ሶላቴን እንኳ ወንበር ላይ ነው የምሰግደው» አለች። «ለአላህ ያላጎነበስኩትን ለእትዬ ጫት ላጎንብስ?»

ማንም አልሳቀም። እትዬ «ሰነፍ» አሏት።

ጥቂት ሳምንት ቆየች። ከዚያ ልጇ ከቦኬ መጥታ ወሰደቻት። መናኸሪያ ድረስ ዕቃዋን ተሸከምኩላት፤ ወገቤ ዳነ አይደል፣ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ እኔው ጫንኩት። ወንበሯ ላይ ከተቀመጠች በኋላ በመስኮቱ ጠራችኝ።

«ያን ቀን ለምን አልጮህሽም?»

«ተረጋግቼ ላስረዳቸው ብዬ ነዋ፣ አዴ።»

«እኔ የመረጥኩት እኮ የምትጮኸዋን ነበር» አለችኝ። በቁጣ አይደለም። በቁጣ ብትለኝ እመልስላት ነበር።

መጋዘን ውስጥ ማሠራቱን በዚያው ሳምንት ተውኩ። አዲስ ሠራተኛ ወገቤን ስትል እትዬ አሁንም ወደ እኔ ይጠቁማሉ፣ «እሷን እዪ፣ እሷም እንዳንቺ ነበረች» እያሉ። እኔ እሷ መሆን ሰለቸኝ። ባለፈው ሰሞን አንድ ነገር አሰብኩ። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ እያነከስኩ፣ እትዬ ፊት ቀረብኩ።

«አገርሽቶብኛል፣ እትዬ። ዮጋውም አልያዘልኝም። ያ ጠረጴዛ ቢሠራልን።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «አይ አንቺ! ታዲያ ዮጋሽን ጨምረሽ ሥሪ» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ።

ተመልሼ በአዴ ቦታና በእኔ ቦታ መካከል ኬሻው ላይ ተቀመጥኩ። እግሬን ዘረጋሁ፣ ጫቱን ወደ እኔ ሳብኩ። ወገቤን ምንም አላመመኝም።