በየምዕራፉ የሚያቆም ካሴት፤ ከንፋስ መውጫ እስከ ስማዳ

ከንፋስ መውጫ የተነሳነው ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጥዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የምንሄደው ስማዳ፣ ከወገዳ አንድ ሰዓት ከሚያስኬድ መንደር፣ እናቴ ዘንድ ነበር። እናቴ ከመነኮሱ ብዙ ዘመን ስለሆናቸው ልጆቻቸውም ሳንቀር እማሆይ እንላቸዋለን። ዓይናቸው አያይም። የበኩር ልጄን ሙሉቀንን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

ሙሉቀን ወታደር ሆኖ ሰሜን ነው ያለው። «ከመስቀል በፊት ሞቷል» የሚል ወሬ በቅርቡ ወገዳ ገበያ ገብቶ ኖሮ እማሆይ ጆሮ ደረሰ። እህል መቅመስ ተዉ። ወንድሜ የላከብኝ ቃል አጭር ነው፦ «እስከ ረቡዕ ካልሰማሁ ለቅሶ እቀመጣለሁ ብለዋል። ካለ የመኖሩን ማስረጃ ይዘሽ ነይ።»

ልጄስ አለ፣ ይመስገነው። ለገና ድምፁን በካሴት ቀድቶ፣ በፈቃድ በመጣ ጓደኛው እጅ ልኮልኛል። ደብዳቤ ቢሆን በመንገደኛ እልከው ነበር። እማሆይ ግን ደብዳቤ አያምኑም። አባቴ በሰው አገር የሞተ ጊዜ፣ ዘመድ መርዶውን ደብቆ ሁለት ወር ሙሉ «ደኅና ነኝ» የሚል ደብዳቤ ሲያነብላቸው ከርሟል። ከዚያ ወዲህ «ወረቀት ያነበበው ሰው የወደደውን ይላል» ይላሉ። የልጁን ድምፅ ማሰማት ነበረብኝ።

ቴፕ የለንም። ያዋሱን ሐጂ እንድሪስ የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ጎረቤታችን ናቸው። ስድስት አዲስ የባትሪ ድንጋይ ከተውበት ሰጡኝ። ያን ጊዜ አንዷ ድንጋይ አንድ ብር ነበረች፤ እሱም ከተገኘች። ዋጋውን ይቀበሉኝ ብል እምቢ አሉ። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ሰኞ፤ ቁልቁለቱ

አብረውኝ የተነሱት ሁለት ናቸው። አንደኛው የባለቤቴ አጎት መሪጌታ ዓለሙ ናቸው። አገራቸው እስቴ ነው፤ ብራና ይጽፋሉ። ወገዳ ጉዳይ ስለነበራቸው፣ መንገዱንም ስለሚያውቁ አብረን ወጣን። ሁለተኛዋ የባለቤቴ እህት ጥሩወርቅ ናት። ለእኔ አዝና ነው የተከተለችኝ፤ እንዳዘነች ግን ከከተማው ጫፍ አልደረሰችም። ከጉያዋ ካሴት አወጣች።

«እቴ፣ መንገድ ያለ ጨዋታ አይገፋም። ባልና ሚስት በአንዲት ዶሮ ተጣልተው ዳኛ ፊት ሲካሰሱ የሚያሰማ ቀልድ ነው። ሆድሽን ይዘሽ ነው የምትስቂው።»

መሪጌታም ከአቁማዳቸው ሌላ ካሴት አወጡ። «በእግዚአብሔር ስም የተጀመረ መንገድ በዶሮ አይበላሽም። ይኸው ስብከት። ድምፀ መልካም ሰባኪ ነው።»

ሁለቱም እኔን አዩ። ቴፑን የተሸከምሁት እኔ ነኝ። የምንሄደው ለትልቅ ጉዳይ ስለሆነ ስብከት ይሻላል አልሁ። ስድስት ድንጋይ እስከ ስማዳ ደርሶ ይተርፋል ብዬም አሰብሁ። ሁለቱም ስሕተት ነበር።

ሰባኪው በእውነት ድምፀ መልካም ነው። አንድ ልማድ ግን አለው። ከወንጌል ቃል ሊያነብ ሲል ሁሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዲያቆኑ እንደሚለው «ቁሙ» ይላል። የመጀመሪያውን «ቁሙ» ስንሰማ ገደል አፋፍ ላይ ነበርን። መሪጌታ ቀጥ አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ወደ ምሥራቅ ዞረው፣ ምዕራፉ እስኪያልቅ ቆሙ። እኛም ቆምን። ደግ ነው አልሁ። ጥቂት ሄድን። «ቁሙ።» ደግሞ ቆምን። የገብስ አውድማ አጠገብ «ቁሙ» ሲል፣ በሬ የሚያበራዩት ሰዎች ምን ሆኑ ብለው ሥራቸውን ትተው ያዩን ጀመር።

በአምስተኛው ላይ ታገሥሁ። በስምንተኛው ላይ አልቻልሁም።

«መሪጌታ፣ እየሄድን ብንሰማው ምን አለበት?»

«ልጄ፣ ወንጌል ሲነበብ ይቆማል እንጂ ይኬዳል?»

«እማሆይ እስከ ረቡዕ ነው ያሉት።»

«ታዲያ ዛሬ ሰኞ አይደለም?»

ጥሩወርቅ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትስቃለች። እኔ ቴፑን ዘጋሁት። መሪጌታ ተቀየሙና ወደ ኋላ ቀሩ። ያለ ስብከቱ ደግሞ ጉልበታቸው ይደክማል። በየድንጋዩ ላይ ያርፋሉ።

እኩለ ቀን ላይ በሶ በጥብጠን ጠጣን። ጥሩወርቅ አጋጣሚውን አይታ ካሴቷን ከተተች። ባልና ሚስቱ መካሰስ ጀመሩ። እውነት ለመናገር ጥሩ ነው፤ እኔም ስቄያለሁ። እሷ ግን ሳቅ ሲመጣባት ትቀመጣለች። ቁልቁለት መሐል፣ አንድ ሰው ብቻ በሚያሳልፍ መንገድ ላይ ዘፍ ብላ «ወይኔ ጎኔን!» ትላለች። ጨው ጭነው ከኋላችን የመጡ አህዮች ቆመው ጠበቁን። ባለ አህያው «ሴትዮዋን ምን ነካት?» አለኝ። ዶሮ ነካት አልሁት። አንዱ በእግዚአብሔር ቃል ያቆመኛል፣ አንዷ በዶሮ ትቀመጣለች። ስማዳ እንዴት ይደረሳል?

የራሴንም ልጻፍ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ወንዝ ወርደው እግራቸውን ሲታጠቡ፣ ብቻዬን ዋርካ ሥር ተቀምጬ የልጄን ካሴት ከተትሁ። ሐጂ ቤት ቴፑን መብራት ላይ ሰክተን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ መንገድ ላይ እንደገና የሚያሰማኝ ምክንያት አልነበረም። ግን ሰማሁት። በየስሙ እየጠራ «እንዴት ናችሁ» ይልና መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ትንሽ ዝም ይላል። እኔም በየዝምታው «እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁ። ይህም ከድንጋዩ ላይ ተቆረጠ።

አርብ ገበያ ሳንደርስ መሸብን። አንድ ገበሬ ቤት «የመሸበት እንግዳ» ብለን ገባን። ማን ናችሁ ሳይሉ እግራችንን አጥበው፣ ሹሮ በትኩስ እንጀራ አቀረቡልን። የቤቱ እመቤት ጉዳያችንን ስትሰማ ለሙሉቀን በስሙ ጸለየችለት። እንዲህ ያለ ሰው አያሳጣን።

ማክሰኞ፤ ኬላው

አርብ ገበያ መግቢያ ላይ ኬላ ነበር። ጠብመንጃ ያነገበ ወጣት ጠባቂ የይለፍ ወረቀታችንን አየና ቴፑን በአፈሙዙ ጠቆመ።

«ካሴቱ ምን ይላል?»

«አንዱ ስብከት፣ አንዱ ቀልድ፣ አንዱ የልጄ ድምፅ ነው። ልጄ ወታደር ነው» አልሁት።

«ሁሉም ይመርመር። መጀመሪያ ቀልዱ።»

ቀልዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመረመረ። ጓደኞቹ መጡና ስላልሰሙት እንደገና ተመረመረ። ጥሩወርቅ ሊመጣ ያለውን ቀድማ እየነገረቻቸው አብራ ትስቃለች። ዓይኔን ባጉረጠርጥባት «እቴ፣ ምን ላድርግ? የመንግሥት ትእዛዝ ነው» አለችኝ።

ቀጥሎ ስብከቱ ገባ። ሰባኪው «ቁሙ» ሲል መሪጌታ ከተቀመጡበት ተነሱ።

«ማን ተነሱ አለዎት?» አለ ጠባቂው።

«ቁሙ ተባለ እኮ።»

«እዚህ ኬላ ላይ ቁሙ የምለው እኔ ነኝ!»

«ልክ ነህ ልጄ» አሉ መሪጌታ፣ እንደ ቆሙ።

ጠባቂው ሊመልስ አፉን ከፈተ። ወንጌሉ እየተነበበ ነበር። ጥቂት አመነታና ቆቡን አውልቆ በእጁ ያዘ። ምዕራፉ ሲያልቅ ቆቡን መልሶ አጠለቀና «የልጅሽን አልሰማውም፤ የቤት ምሥጢር ነው። ሂዱ» አለን። ለዚህ ባመሰግነውም፣ ቀኑ ተጋምሷል፤ ሰባኪውም መጨረሻ ላይ ድምፁ እንደ መጎርነን ብሎ ነበር።

ያኔ ነው ድንጋዮቹን አውጥቼ በመቀነቴ የቋጠርኋቸው። ከዚያ እስከ ወገዳ ማንም ምንም አልሰማም። ሁለቱ ግን የትኛው ካሴት ለመንገድ ይሻላል እያሉ እስከ ማታ ተከራከሩ። መሪጌታ ስብከት ዳገት ያስረሳል ይላሉ። ጥሩወርቅ ደግሞ ዳገቱን ሳይወጡት ቢረሱት ምን ይጠቅማል ትላለች። እኔ እያነከስሁ ወደ ፊት ቀደምሁ። እግሬ ውኃ ቋጥሮ ነበር።

ወገዳ ስንገባ ፀሐይ ጠልቃለች። የቀረኝ መንገድ አንድ ሰዓት ብቻ ቢሆንም በጨለማ የማይሞከር ገደል አለበት። ባለ ሱቁን ድንጋይ ጠየቅሁት። «ድንጋይ? ከክረምት ወዲህ ዓይኑንም አላየንም» አለኝ። መሪጌታ ከሚያውቋቸው ሰዎች ቤት አደርን።

ረቡዕ፤ የመርዶ ሰዓት

ለቅሶው ሳይጀመር ልድረስ ብዬ ገና ጎሕ ሲቀድ አስነሳኋቸው። ብርድ ስለነበር ተከናንበን፣ ዝም ብለን፣ ተከታትለን ሄድን። ምን እንደምንመስል አላሰብሁም። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው። ነጋሪዎቹም ሁለት ሦስት ሆነው፣ ተከናንበው፣ ዝም ብለው፣ ከፊት ቄስ ወይም ሽማግሌ አስቀድመው ነው የሚመጡት። ከፊታችን መሪጌታ ነበሩ።

የወንድሜ ሚስት እንስራ ይዛ ከበር ስትወጣ አየችን። እንስራውን ጣለችው። «ወይኔ ሙሉቀን!» ብላ ስትጮህ መንደሩ ሁሉ ነቅሎ ወጣ።

«አልሞተም! ደኅና ነው!» ብዬ ጮህሁ።

«መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚሉት» አለች አንዲት ጎረቤት ደረቷን እየመታች።

እማሆይ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ከስተው ግማሽ ሆነዋል። አላለቀሱም። «አውቄዋለሁ፤ ተቀመጡ» አሉ።

«እማሆይ፣ ድምፁን ይዤ መጣሁ። ይስሙት» አልሁና ቴፑን ከፈትሁ።

የወጣው የሙሉቀን ድምፅ አልነበረም። ድንጋዩ ደክሞ ካሴቱ ይጎተታል። ድምፁ ወፍሮ፣ ተጎትቶ፣ ከጉድጓድ የሚመጣ መሰለ። «እ-ን-ደ-ም-ን…» ሲል ሴቶቹ አማተቡ። አንዱ ሽማግሌ «ከመቃብር ነው የሚናገረው!» ብሎ ወደ በሩ አፈገፈገ። ልቅሶው እንደ አዲስ ፈላ።

«የኔ ልጅ ድምፅ አይደለም» አሉ እማሆይ። «ዝጊው።»

ዘጋሁት። መሪጌታና ጥሩወርቅ አንገታቸውን ደፍተዋል። ልናገራቸው ፈለግሁ፤ ዋርካው ትዝ አለኝና ተውሁት። ድንጋዮቹን አውጥቼ ደጅ፣ ፀሐይ በመታው ካብ ላይ ደረደርኋቸው። ሲሞቁ ትንሽ ነፍስ እንደሚዘሩ ትምህርት ቤት የማስተምራቸው ልጆች ነግረውኛል። ሕዝቡ ያለቅሳል፤ እኔ ድንጋይ አገላብጣለሁ። አንዷ አሮጊት «ኀዘን አዙሯታል» ስትል ሰማሁ።

ሲሞቅ የሚያገለግለው ለጥቂት ቃል ነው። ካሴቱ የአንድ ሰዓት ነው። የቱን ላሰማ? ሰላምታው ረጅም ነው። «ደኅና ነኝ» የሚለውን ቢሰሙ፣ እማሆይ ያን ቃል ከአባቴ ደብዳቤ ጀምሮ ጠልተውታል። ስለ ጸሎታቸው ያመሰገነበት አለ፤ እሱንማ ከመሞቱ በፊት ያለው ነው ይባላል። ቆሜ አሰብሁ። ከዚያ ከመጨረሻው አጠገብ የተቆጣበትን መረጥሁ። ድንጋዩ እንዳያልቅ ካሴቱን በመሪጌታ የመቃ ብዕር በእጄ አጠነጠንሁት።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ሁሉንም ዝም አሰኝቼ ከፈትሁ። አሁንም ይጎተታል፤ ቃሉ ግን ይለያል።

«እማሆይ፣ ጊደሬን ለአጎቴ ሰጡብኝ አሉ። ይሄ ደግ ነው? እኔ እኮ ለእርስዎ አደራ ብዬ…»

«ውሸት ነው!» አሉ እማሆይ። ከመደቡ ብድግ ብለዋል። «አዋስሁ እንጂ አልሰጠሁም! ማን ነው ይህን የነገረው?»

«እኔ ጽፌለት ነው» አልሁ።

«መቼ?»

«በኅዳር፣ ጊደሯ በሄደች በሳምንቱ።»

እማሆይ ወሩን በጣታቸው ቆጠሩ። «ሞተ ያሉት ከመስቀል በፊት አይደል?» አሉ ቀስ ብለው። «ሙት የኅዳርን ጊደር ከየት ያውቃል?»

ካሴቱ «ስመጣ እንተሳሰባለን» ብሎ ድንጋዩን ጨረሰ። እማሆይ እጃቸውን ዘርግተው ቴፑን ዳበሱ። «ክፈቱት! ልመልስለት እንጂ! ለብቻው ተናግሮ ይሄዳል?» አሉ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። ወንድሜ እየሮጠ ምግብ ሊያስቀርብ ወጣ።

«ዛሬ ረቡዕ ነው» አሉ እማሆይ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾም ነው።»

ስንት ቀን እህል ሳይቀምሱ ቆይተው ጾሙን አልሽርም አሉ። መሪጌታ ጾሙን እንዲፈቱ ቢለምኗቸው «የንስሐ አባቴ አይደለህ» ብለው ዝም አሰኙአቸው። ከሦስት ቀን ንዴቴ ሁሉ የባሰው ይህ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን ሁለት እንጀራ በሉ። ፊታቸውን እያየሁ ተቀመጥሁ።

መመለሻ

አርብ ተነስተን ቅዳሜ ማታ ንፋስ መውጫ ገባን። የምንሰማው ስላልነበረ አንድ ቀን ቀደምን። ሰባኪውን ለጸሎት ቤት፣ ባልና ሚስቱን ለምሳ ቤት ይተውልን፤ መንገድ ላይ የሚሰማ የሚመርጥ ሰው ምን ደስ ይለኛል ሳይሆን፣ ስደርስ ምን ያስፈልገኛል ብሎ ይጠይቅ። እኔ ይህን የተማርሁት ዘግይቼ ነው። ያልቀጣኝ አምላክ ይመስገን።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሐጂ ቴፑን መብራት ላይ ሰክተው ባዶ ካሴት ከተቱልኝ። እማሆይ ቃላቸውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እንድናገር ሦስት ጊዜ አስጠንተውኛል። ጉሮሮዬን ጠረግሁና እንዲህ ስል ቀዳሁ፦ «እማሆይ እንዲህ ብለዋል። ጊደሯን አዋስሁ እንጂ አልሰጠሁም። ሌባ የምትለኝ ከሆነ ራስህ ናና ውሰዳት።»