የአባዬ እንቅልፍ በፈረንጅ አፍ

በእንግሊዝኛ ከኔ ጋር የሚፎካከር ልጅ ሐረር፣ ፈላና በር አካባቢ የለም። ከትምህርት ጋር ስድስተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል፤ ቋንቋውን ግን ከባለቤቶቹ ነው የወሰድኩት፣ ቱሪስት ሳስጎበኝ። በተለይ በእንቅልፍ ፕሮፌሰር ነኝ። «ስሊፕ» ብቻ የሚያስተምር ቲቸር ካለ ይምጣና ላስተምረው። ፈረንጅ ድንገት እንቅልፍ ሲጥለው «ክራሽ አደረግኩ» ይላል፣ እንደ መኪና። «ኖክድ አውት» ይላል፣ ቦክሰኛ የዘረረው ይመስል። «ሂት ዘ ሄይ»ም አለ፣ ድርቆሹን መታሁት ማለት ነው፤ ድርቆሹ ምን እንዳደረገው እንጃ። አንዷ ደግሞ «አውት ላይክ ኤ ላይት» አለችኝ፣ እንደ አምፖል ድርግም። ይቺን ስሰማ አልሳቅኩም። አባዬ ነው ፊቴ የመጣው።

አባዬ የድሮ ወታደር ነው፣ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ሐረር የቀረ። ጡረታ ሲወጣ አቦከር ሰፈር አንድ የግል ትምህርት ቤት በር ላይ ጥበቃ ተቀጠረ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ እያወራ፣ እየበላ፣ ጭልጥ ይላል። ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ስኳሩን አዩ፣ ደሙን አዩ፣ «አዲስ አበባ ይታዩ» ብለው ሸኙን።

የትምህርት ቤቱ ባለቤት ሁለቴ ተኝቶ አገኘው። በሁለተኛው፣ «አባት፣ የሰው ልጆች ናቸው እዚህ ያሉት። ከእንግዲህ ተኝተው ካገኘሁዎት ያበቃል» አለው። ሰውዬው አለመሳሳቱ ነው የሚያናድደኝ።

ስለዚህ ቱሪስቱን ትቼ አጠገቡ መዋል ጀመርኩ። እቆነጥጠዋለሁ፣ ውሃ እረጨዋለሁ፣ ቀልድ አወራለታለሁ። በኔ ቀልድ የተኛ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ፊት ለፊት ጫት የምትሸጠው ሴትዮ ታዝንለታለች።

«ጋሼ፣ ወላሂ ሁለት ቅጠል ብቻ። ለመድኃኒት ነው።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ሳልቅም ኖሬ አሁን የንስሐ አባቴን ምን ልላቸው ነው?»

«አቦ፣ ከተማው ሁሉ ነቅቶ እርስዎ ብቻ ይተኛሉ?»

«አንድ ሰው እንኳ ይረፍ እንጂ» አለ። ሳቅን። እሱ ሳቁን ሳይጨርስ ተኛ።

«ሱብሃነላህ» አለችና ፊቷን አዞረች።

አንድ ጠዋት የባለቤቱ መኪና መጣ። አባዬ ነቅቶ ነበር፤ እንደውም ከኔ ቀድሞ ያየው እሱ ነው። ብድግ ብሎ ኮፍያውን አስተካከለ፣ በሩን ከፈተ፣ በወታደር ሰላምታ ቀጥ አለ። ኮራሁበት። ሰውዬው ከመኪናው ወርዶ እጁን ዘረጋለት።

«እንዴት አደሩ፣ አባት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ እንዴት አደሩ? ባለቤትዎ ደህና...» አለና ጉልበቱ ከዳው።

ሮጬ ብብቱ ሥር ገብቼ ያዝኩት። ከበደኝ። እጁ የሰውዬውን እጅ እንደጨበጠ ነው።

«አሁን ይነቃል» አልኩ። «ካልሆነ እኔ እቆምለታለሁ፣ ጋሼ። እሱ ወንበሩ ላይ ቁጭ ይበል ብቻ።»

ሰውዬው የአባዬን ጣቶች ቀስ ብሎ ከእጁ ላይ አላቀቀ።

«ከነገ ጀምሮ ሌላ ሰው ይመጣል» አለኝ፣ እንዳይቀሰቅሰው የፈራ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንተው ንገራቸው።»

መኪናውን ይዞ ገባ። አባዬን ግድግዳው ሥር አስቀምጬ ራሱን ትከሻዬ ላይ አስደገፍኩት። ትንሽ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ፣ ሰውዬው ቆሞ የነበረበትን ቦታ እያየ፣

«ልጆችስ ደህና ናቸው?» አለ።

«ደህና ናቸው፣ አባዬ» አልኩት።

«ጥሩ ሰው ነው» አለና በሩን ሊዘጋ ተነሳ።